የአንኮበር መስመር ዮጊ

ከመሬት ተነስቶ መቆም ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ፣ አንድም ገና ልጅ ነው፣ አንድም ወገቡን አያውቀውም። እኔ ወገቤን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሚኒባስ ስነዳ ስለኖርኩ፣ ወገቤ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለ ወገብ ተሸክሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በደብረ ብርሃን ውርጭ ማልጄ ተነስቼ፣ መሬት ላይ እግሬን አጣምሬ ዐይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ ብታዩኝ ምን ትሉ ነበር? ጎረቤቶቼ ያሉትን ነዋ። ጋሽ ደምሴን ምን ነካው?

የነካኝስ ምላሴ ነው። ላጫውታችሁ።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ይህን ባለቤቴ አስካለም ትመሰክራለች፣ ቶሎ ባይሆንም። ችግሩ አፌ ከእኔ ይቀድማል። ሹፌርነት ነው ያስለመደኝ። ፍየል መንገድ ዘግታ ስትቆም፣ ጭጋጉ ውስጥ አህያ ድንገት ብቅ ስትል፣ ተሳፋሪ ወራጅ ብሎ ካስቆመ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰነባበት፣ ዝም የሚል ሹፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የእኔ ደግሞ አፋፉንም አልፎ አልዩ አምባ ቆላ ድረስ ይወርዳል።

ይህ አፌ ከሁሉ አብልጦ የሚበረታው በእሸቴ ላይ ነው። እሸቴ የአንኮበር ሰው ነው፤ እንደኔው በዚያው መስመር ሚኒባስ ይነዳል። መናኸሪያ ውስጥ መቼም ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ነው የሚጭነው። ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ ስቀይር፣ እሸቴ ተራዬን ወስዶ ጭኖ ሄደ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። አንነጋገርም ማለቴ እርስ በርሳችን ነው እንጂ፣ እኔ ስለ እሱ ለተሳፋሪው ሁሉ ስናገር ነው የኖርኩት።

እግዜር ሲቀልድ ግን አያድርስ ነው። አንዲት ልጄ ትርሲት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ ካገር ወንድ ሁሉ መርጣ የእሸቴን ልጅ ወደደች። ዮናስ ይባላል፤ ጎረቤላ ላይ አስተማሪ ነው። ልጁን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። እኔ ግን ነገሩን የሰማሁት ሽማግሌ ሲመጣ ነው።

የመጡት ከአንኮበር አቶ ወንድይፍራው የሚባሉ የተከበሩ ሰው፣ ከአልዩ አምባ ደግሞ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ሐጂ ነጋዴ ናቸው፤ ስንት ዘመን በርበሬያቸውን የጫንኩላቸው የድሮ ደንበኛዬ። መቼም ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ወጉ በር ላይ መቆም ነው። የቤቱ ባለቤት ተቀመጡ ካላለ አይቀመጥም። ተቀመጡ ማለት ልጄን ሰጠሁ ማለት አይደለም፤ ነገራችሁን እሰማለሁ ማለት ነው። ከዚያ እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ ተብሎ በክብር ይሸኛል። አባት የሆነ ሰው ቶሎ እሺ አይልም፣ ቶሎ እምቢም አይልም። እኔ ግን የእሸቴን ስም ስሰማ ተቀመጡም አላልኩ፣ እንመካከርም አላልኩ። የእሸቴ ልጅ ልጄን የሚወስደው በማን ተራ ነው፣ ሄዶ መናኸሪያ ወረፋ ይያዝ አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ዞረው ወጡ። ሐጂ ሰይድ ከደጃፉ መለስ ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ትርሲት አላለቀሰችም፣ አልተጨቃጨቀችም። አኮረፈች። ኩርፊያ የማያውቅ ሰው መቼም በመካከላችሁ አይኖርም። እጄን ታስታጥበኛለች፣ እራቴን ታቀርባለች፣ ቃል ግን የለም። ጋቢዬን ፈልጌ ስንጎራደድ እናቷን ትጠራና፣ እማዬ፣ ጋቢው ሳጥኑ ላይ ነው በይው ትላለች። እኔ እኮ እዚያው አጠገቧ ቆሜያለሁ። ለእናቷ ደግሞ ቁርጡን ነግራታለች፤ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም፣ ከዮናስ ሌላም አላገባም ብላለች። ይህ ማለት ዐይኔ እያየ ቤቴ ውስጥ ታረጃለች ማለት ነው። ያውም በእኔ አፍ። ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ ደም ግፊቴ ወጣ። ሐኪሙ አትቆጣ አለኝ። እንዴት ነው የማልቆጣው ብዬ ተቆጣሁት።

እንግዲህ ሚስተር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሕንዳዊ ተከራይ አለን፤ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል። ስሙ ጎፓል ነው፣ ሰፈሩ ግን ሚስተር ይለዋል። አማርኛውን የተማረው ከጉልት ሴቶች ስለሆነ ተከራክሮ የሚረታው የለም። ሥጋ አይበላም፣ ዕንቁላል አይነካም። አስካለ መጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው አገኘን ብላ በሰፈሩ አወራችለት። ዓርብ ጠዋት እርጎ ሲጠጣ ያየችው ዕለት ግን ምን ብላ እንደምታስተባብል ጨነቃት። ሥጋ የተወ ሰው በዓርብ እርጎ? እሷ የምታውቀው ጾም ውስጥ እንዲህ ያለ የለማ።

ሚስተር በየማለዳው ደጃፉ ላይ የመንዝ ባና አንጥፎ ይቀመጣል። አስካለ አዝናለት አጎዛ ልትሰጠው ነበር፤ በጉ ሞቶ እኔ ልቀመጥበት ብሎ መለሰላት። ባናው ግን ከተሸለተ ሱፍ የተሠራ ነው፣ በጉ በሕይወት አለ፣ ስለዚህ ይሆናል። ጆሮውን በሱፍ ኮፍያ ሸፍኖ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ብርዱን በገዛ ቋንቋው እየረገመ ይቀመጥና ይተነፍሳል። ሁላችንም እንተነፍሳለን፤ እሱ ግን ሥራዬ ብሎ ነው የሚተነፍሰው።

አንድ ማለዳ ሞተር እያሞቅኩ ሳለ ሄጄ ጠየቅኩት። ይሄ ዮጋ የምትሉት ነገር ለንዴት ይሆናል ወይ? ለንዴት መድኃኒት ከፈለግህ ፋርማሲ ሂድ አለኝ። ይሄ መንገድ ነው፤ አባቴ ያስተማረኝ፣ አባቴንም መምህሩ ያስተማረው፣ ወደ ፈጣሪ የሚወስድ የቆየ መንገድ፤ ስምንት ደረጃ አለው አለኝ። መንገድ ከተባለማ የኔው ሥራ ነው አልኩት። ሳቀና፣ በል ነገ ማልደህ ና አለኝ።

መሬት ላይ የሚያስቀምጠኝ መስሎኝ ነበር። የለም፤ ደረጃው የሚጀምረው ከሰውነት አይደለም፣ ከጠባይ ነው። አትጉዳ፣ አትዋሽ፣ አትስረቅ፣ አትስገብገብ። ይሄንማ ከኦሪት ጀምሮ እናውቀዋለን አልኩት። እንዴ፣ ታዲያ ለምን አታደርጉትም አለኝ። ስለ አየሩ ማውራት ጀመርኩ።

ሹፌር ሆናችሁ አለመዋሸትን እስቲ ሞክሩት። ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ሆኖ አንድ ሰው ብቻ ቀረን ካልተባለ በምን ይሞላል? በነጋታው አንዲት የጎረቤላ እናት ከፊት ወንበር ሆነው፣ ልጄ፣ መቼ ነው የምንሄደው አሉኝ። እናቴ፣ ገና ነን፣ ቁርስዎን በልተው ይምጡ አልኳቸው። እኒያ እናት ደንግጠው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። መኪናው ተበላሽቶበት ነው እንዲህ የሚያደርገው ብለው ተሳፋሪውን አስከትለው ወረዱ። የሄዱት ወደ ማን መኪና መሰላችሁ? ወደ እሸቴ። ያን ዕለት እስኪመሽ በረጅሙ ስተነፍስ ዋልኩ።

መተንፈስ ካልኩ አይቀር፣ አንዱን አፍንጫ በጣት ደፍኖ በሌላው ስቦ፣ ደግሞ አቀያይሮ መመለስ የሚባል አለ። ንዴትን ያበርዳል። እውነትም ያበርዳል። ግን የአንኮበርን ቁልቁለት በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው አፍንጫ ይዞ፣ በጭጋግ የሚወርድ ሹፌር ተሳፋሪው ሲያይ እንዴት ያለ ጸሎት እንደሚጸልይ ልነግራችሁ አልችልም። ሚስተር ሲሰማ ይሄ ተቀምጠህ እንጂ እየነዳህ አይደለም ብሎ ቆጣ አለ። ከአባቱ ተምሮ አርባ ዓመት በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ይቆጣል እንዴ አልኩት። ተማሪ ካለው ይቆጣል አለኝ።

ለነፍስ አባቴ ለአባ ተክሌም መናገሬ አልቀረም፤ ሰው ሳይነግርብኝ ብዬ ቀደምኩ። ምን ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ጎንበስ ቀና እላለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ አንድ ቃል እየደጋገምኩ ልቤን እሰበስባለሁ አልኳቸው። ቃሉ ምንድን ነው አሉኝ። ሚስተር የራሱን ሊሰጠኝ ነበር፣ ግን በገዛ ጸሎትህ አድርገው ስላለኝ እግዚኦ ነው የምለው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ጉልበቴን አሞኛል ብለህ ከስግደት የቀረኸው አንተ አይደለህም ወይ አሉኝ። ሕንዱ ያጎነበሰህን ያህል እኔም ባጎነበስኩህ ኖሮ ይሄኔ ጻድቅ ነበርክ ብለው ተሳልሜ እንድሄድ መስቀላቸውን ሰጡኝ።

አሁን ወደ ዝምታው ልምጣ። ሚስተር እሑድ እሑድ ከማለዳ እስከ ማታ አይናገርም። አንደበትን መጾም ነው ይላል። ጓጓሁ። ለእኔ አፍ ከዚህ የሚሻል ምን አለ? ዝም አይነቅዝም እያሉ አይደል ያሳደጉን? ዝምታማ እኛም ቤት አለ፣ ልጄ ወር አልፏታል አልኩት። ያ ኩርፊያ ነው አለኝ፤ እሱንም ቃል ጉልት ተምሮታል። ኩርፊያ አፍ ተዘግቶ ሆድ የሚጮህበት ነው፤ የኛው ግን ሆድም ዝም ሲል ነው አለኝ። ደንቡ ደግሞ ጥብቅ ነው። በእጅ መጠቆም፣ ራስ መነቅነቅ፣ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ሁሉም ያው መናገር ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ሊገድለኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምናገረው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ወረፋ ይዞ ዋለ። ሁለተኛው ቀለል አለኝ። ቆይቶ ወደድኩት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከእኔ የበለጠ የወደደችው ግን አስካለ ናት። ያን ቀን ሥራዋን እያንጎራጎረች ነው የምትሠራው።

እንዲህ ስንል አንድ እሑድ፣ ሳሎን ውስጥ ባናዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ቤቶች የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩን አስካለ ከፈተች። አቶ ወንድይፍራው። ሐጂ ሰይድ። መሐላቸው ደግሞ አባ ተክሌ። የእሸቴ ወገን እምቢ የማልላቸውን የነፍስ አባቴን ጨምረው ነው የመጡት፤ ብልህ ናቸው። ክንዴን ተደግፌ፣ ወገቤ እየተንቋቋ ተነሳሁ። ለሽማግሌ መነሳት መናገር አይደለምና።

ቆምን። እነሱ በር ላይ፣ እኔ ባናው ላይ። ተቀመጡ እስክል ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ እስኪመሽ አልናገርም። አስካለ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ዛሬ አይናገርም፣ እሑድ እሑድ አንደበቱን ይጾማል ብላ አስረዳች። አቶ ወንድይፍራው አሰብ አደረጉና፣ ባለፈውም በእሑድ በመጣን ኖሮ አሉ። ለመሆኑ እርስዎ ያስቀምጡን ይሆን ብለው አስካለን ሊጠይቁ ሲሉ አባ ተክሌ ከለከሉ። ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ያለ አባትየው ቃል ብንቀመጥ ነገ አልተቀበልኳችሁም ቢል ምን እንላለን አሉ። እውነታቸውን ነው።

ቆመውም ቢሆን መልእክታቸውን ተናገሩ። እሸቴ ያኔ ተራህን መውሰዴ ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ ብሏል አሉ አቶ ወንድይፍራው። ይህን ቃል ስንት ዘመን ነው የጠበቅኩት! ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ። ግን ደግሞ፣ አንዲት ጎማ ለመቀየር ያን ያህል ሰዓት የሚፈጅ ሰው ሹፌር ነኝ ይላል ወይ ብሏል አሉ። መልእክት ነውና አላስቀሩም።

ደሜ ፈላ። መልሱ ከሆዴ ተነስቶ ጥርሴ ላይ ደረሰ። በአንድ በኩል የሚስተር ደንብ አለ፤ እሱን ተዉት፣ ደንብ ይፈርሳል። የጨነቀኝ ሌላ ነው። አፌን ብከፍተው ቀድሞ የሚወጣው ተቀመጡ የሚለው ይሆን ወይስ የእሸቴ ሰባት ቤት ዘር? አፌን አውቀዋለሁ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ሐጂ ሰይድ የበሩን መቃን ተደገፉ። እኚያ ሽማግሌ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው መምጣታቸው ነው።

በመጨረሻ አቶ ወንድይፍራው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሁለት ጊዜ መጣን፣ ሁለት ጊዜ ቆመን ተመለስን። ሦስተኛ አንመጣም፤ ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ» አሉ። ዞሩም።

ይሄኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ትርሲት ግን ወጣች። ለእነሱ አልተናገረችም፣ ለእናቷም አልተናገረችም። ወደ እኔ አየች።

«አባዬ» አለች።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስንት ወር ያልሰማሁት ስሜ ነው። ሆዴ ባባ፤ ዕንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም። እሸቴም ጎማውም ከሆዴ ወጥተው የት እንደሄዱ አላውቅም።

«ተቀመጡ» አልኩ።

ሐጂ ሰይድ አልሐምዱሊላህ ብለው ወንበሩ ላይ ወደቁ። እኔም አፌን መልሼ ዘጋሁ። የቀረውን እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ የሚለውን አባ ተክሌ እንደ ነፍስ አባትነታቸው አሉልኝ። ሽማግሌዎቹም አንኮበር ተመልሰው፣ ደምሴ ተለውጧል፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ፣ እሷም ተቀመጡ ናት ብለው አወሩልኝ። በሚቀጥለው ሲመጡ እሺ አልኩ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ለሚስተር ደንብ አፈረስኩ ብዬ ብነግረው፣ የተናገርከው አንተ ነህ ወይስ ምላስህ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። እንግዲያው ምንም አላፈረስክ አለኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ምክሩ ያማረ ይሆንላችሁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ትርሲት፣ አሁን ኩርፊያዋን በወሬ የምትክሰኝ ትርሲት፣ ቁርሴን አቅርባ እየሳቀች አንድ ነገር አወጣች። ሽማግሌዎቹን በእሑድ ያስመጣቻቸው እሷ ናት። ዝም ካለ ተስማማ ይባላል ብላ ለዮናስ ነገረችው። አስካለ ታውቃለች። ሚስተር ያውቃል። እሸቴ ሳይቀር ያውቃል፤ ደምሴን ከእሑድ ሌላ ቀን እንዳትጠይቁት ብሎ መናኸሪያ ውስጥ ሲስቅ ከርሟል። ደሜ እንደ ድሮው ተነሳ። አፌን ከፈትኩ። ልጄን አየኋት፤ እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። አፌን ዘጋሁት። ማንም ሳያዘኝ፣ ጾም ሳይሆን፣ በሥራ ቀን። ሚስተር የሚለው የሆድ ዝምታ ይሄ ነው እንዴ? እንዴት ደስ ይላል! ጣፈጠኝና ረቡዕም ዝም አልኩ፣ ሐሙስም።

ቤቱ ተሸበረ። አስካለ አኮረፈ አለች። ትርሲት ሳቋ ጠፋ፤ አባዬ ሐሳቡን ሊቀይር ነው፣ ሠርጉን ሊያፈርስ ነው ብላ ከስልክ አልወርድ አለች። ዓርብ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ አባ ተክሌና ሐጂ ሰይድ ቆመዋል። ሊያስታርቁን ነው የመጡት። አላኮረፍኩም፣ ዝም ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው አልኳቸው። ሐጂ ሰይድ፣ ወላሂ ክፉኛ ተቀይሟል አሉ። ከማንም አልተጣላሁም ብል ማን ሊሰማኝ? ትርሲት መጋረጃው ሥር ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ ዳገት ወጥቶ የሚያስታርቀው ጥል ቢያጣ ደግሞ ነውር አይደለም?

ስለዚህ ለእነሱ ክብር፣ ለልጄም ስል፣ ተቆጣሁ። ስለ ጎማው፣ ስለ እሑዱ፣ ስለ እሸቴ፣ ጓዳው እስኪንቀጠቀጥ ጮኽኩ። አባ ተክሌ ተመስገን ብለው ተቀመጡ፤ አስካለ እፎይ አለች። ትርሲትም ስልኳን አንስታ ለዮናስ ደወለች።

«አባዬ ተሻለው» አለችው።